አምስተኛው አልጋ

ከልደታ ወደ ሜክሲኮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንድ ፎቶ ቤትና በአንድ ልብስ ስፌት ቤት መካከል፣ የጉዞ ወኪል ቢሮ ነበር። በንጉሡ ጊዜ የአንድ ግሪክ ንብረት ነበር፤ ኋላ መንግሥት ወረሰው፣ ስሙም ተቀየረ። ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን የመርከብና የደሴት ሥዕሎች ግን ማንም አንሡ ስላላለ እንዳሉ ቀሩ። በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት እዚያ ገብቶ የባሕር ሽርሽር ትኬት የሚገዛ የአገር ሰው አልነበረም። የሚገዙት በየኤምባሲውና በየዓለም አቀፍ ድርጅቱ የሚሠሩ ፈረንጆች ነበሩ፤ የሚሸጥላቸው ደግሞ ፍሰሐ ገብረየሱስ ነው። ፍሰሐ የአውሮፓን ወደቦች እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይወጣቸዋል፤ በዓይኑ ያየው ትልቁ ውሃ ግን ላንጋኖ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ትዳር የለውም። እናቱ ወይዘሮ ወርቅዬ "ልጄ ለሰው መርከብ ሲያሳፍር የራሱ ባቡር አመለጠው" እያሉ በዕድር ቤት ያሙታል። ወይዘሮ ወርቅዬ በልደታ ማርያም ዙሪያ ብዙ ቤት ያከራዩ የነበሩ ሴት ናቸው። የትርፍ ቤት አዋጁ አንዱን ትቶላቸው ሌላውን ሁሉ ወሰደ፤ ኩራታቸውን የሚወርስ አዋጅ ግን እስካሁን አልወጣም።

እንግዲህ በመጋቢት ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ደሚቱ ዱጉማ ሁለት የፈረንጅ ልጆች በግራና በቀኝ ይዛ ወደዚህ ቢሮ ገባች። ቆንጆ ነበረች ብዬ ብቻ ልለፈው ብል ፍሰሐ ይቀየመኛል፤ እሱ እንደሚለው በሩን ከፍታ ስትገባ መብራት የበራ ነው የመሰለው። እኔ የማውቀው አንገቷ ረጅም እንደሆነ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ እንደምትሸፍንና ሰው ስታነጋግር ዓይኗን እንደማትሰብር ነው። አባቷ አቶ ዱጉማ አብነት ውስጥ ፍራሽ ይሰፋሉ። እሷ ሞግዚት ናት፤ ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ የሚኖሩትን የዴንማርክ ሰዎች የእነ ሆልምን ልጆች ታሳድጋለች። የዘጠኝ ዓመቷ ኢንገርና የአምስት ዓመቱ የንስ ከሷ በተማሩት አማርኛ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ይጫወታሉ፣ ሲያስፈልግም ይሰዳደባሉ።

የመጣችበት ጉዳይ ቀላል ነበር። ማዳም ሆልም ከሥራ ብዛት እራታቸውን ቆመው የሚበሉ ሴት ስለሆኑ፣ ለክረምቱ የሚሄዱበትን የመርከብ ሽርሽር እንድትመርጥላቸው ለደሚቱ ተዉላት። ልጆቼን ከእኔ ይልቅ የምታውቂያቸው አንቺ ነሽ፤ ለነሱ ከተስማማ ለእኛም ይስማማናል አሏት።

ፍሰሐ ካታሎጎቹን ዘረጋና ከመርከቦቹ በፊት ስለ ልጆቹ ጠየቃት። እሷም ነገረችው። የንስ መወጣጫ ካየ ሳይወጣ አያልፍም። ኢንገር በመኪና ደብረ ዘይት እስክትደርስ ሁለቴ ታስመልሳለች። ሁለቱም ሳይመሽ ካልበሉ ቤቱ ጦር ሜዳ ይሆናል። ፍሰሐ ይህን ሁሉ እንደ ትልቅ የአገር ጉዳይ በጥሞና ሰማ። ለሽማግሌ ፈረንጅ የሚሆን መርከብ ለልጅ አይሆንም አላት። ለኢንገር ከመርከቡ መሃል ወደ ታች ያለ ክፍል ነው የሚሻላት፤ ማዕበል ሲነሣ እዚያ ብዙ አይወዛወዝም። ለየንስ አጥሩ በመረብ የተሸፈነ፣ ጥልቀት የሌለው የልጆች መዋኛ ያለው መርከብ ይፈለጋል። ሌሊት ተጉዞ ቀን ወደብ ላይ የሚቆም ከሆነ ልጆች አይሰለቹም። በየወደቡ የጥንት ፍርስራሽ እያዞረ የሚያሳይ ከሆነ ግን በነሐሴ ፀሐይ መጀመሪያ ልጅ ያለቅሳል፣ ቀጥሎ እናት ታለቅሳለች፣ በመጨረሻ አባት ለቢሮው የስድብ ደብዳቤ ይጽፋል። ደሚቱ ይህን ጊዜ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። 

ያን ቀን ሳይወስኑ ተለያዩ። በሳምንቱም ሳይወስኑ ተለያዩ። ፋሲካ አልፎ የግንቦት ልደታ ሲደርስ የንስ መርከቦቹን ሁሉ በመልካቸው ለይቶ ይጠራቸው ጀመር። ስለ ምን እንዲህ ዘገየ ብትሉ፣ መጀመሪያ ላይ ምክንያቱ ጣፋጭ ነበር። መርከቡ ከተመረጠ ደሚቱ የምትመጣበት ሰበብ ያልቃል። ይህን እሱ ያውቀዋል፣ እሷም ታውቀዋለች። ካታሎግ ሲገልጡ ጣቶቻቸው አንድ ገጽ ላይ ይገናኛሉ፤ አንዳቸውም ለማንሣት አይቸኩሉም። ኢንገር ግራና ቀኝ አይታ ፈገግ ትልና ወደ ግድግዳው ሥዕል ትዞራለች። ፍቅር የያዘው ሰው ማንም የማያየው ይመስለዋል፤ የሚያየው ግን አገር ነው።

የግንቦት ልደታ ባለፈ በሳምንቱ ደሚቱ ከሌላው ቀን ፈጥና መጣች። ዓይኖቿ ያበራሉ። እስከዚያ ቀን ሲፈልጉ የነበረው አራት አልጋ ነበር፤ ለባልና ለሚስት ሁለት፣ ለልጆቹ ሁለት። አሁን አምስት እንዲሆን መጣሁ አለችው። ማዳም ሆልም ያለ አንቺ ልጆቹን አልችላቸውም ብለው እሷንም ሊወስዷት ቆርጠዋል። ከአዲስ አበባ አቴን በአውሮፕላን፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት በባሕር። ባሕር አይቼ አላውቅም፣ ዘንድሮ ፍልሰታን ውሃ ላይ ልጾም ነው እያለች እንደ ልጅ ትፍለቀለቅ ነበር።

ፍሰሐ "ደስ ይላል" አለ። ልቡ ግን ወደ እግሩ ወረደ።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። የፍሰሐ ታላቅ ወንድም ለአጭር ሥልጠና ብሎ ሮም ሄዶ እንደወጣ ቀርቷል፤ አምስት ዓመቱ ነው። የጎረቤቱ ልጅ ለስብሰባ ሄዳ ቀረች። የቢሮው ሥራ አስኪያጅ ሳይቀር ለሕክምና ብለው ሄደው ወንበራቸው ባዶውን ከርሟል። ያን ጊዜ አውሮፕላን ማረፊያ ሰው የሚሸኘው እንደ ለቅሶ ቤት ነበር፤ ተሳስሞ፣ ተላቅሶ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ የሚመለስ እስኪመስል። የሄዱትንም ማንም አይፈርድባቸውም፤ ፍሰሐም አልፈረደም። ደሚቱ ከሄደች እሷም ከነሱ አንዷ ትሆናለች ብሎ ግን በልቡ ደመደመ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በአውሮፓ ባሕሮች ላይ እንከን የሌለው መርከብ ጠፋ። የጣሊያኗ ደረጃዋ ቀጥ ያለ ስለሆነ የንስ ይወድቃል። የኖርዌይዋ የምትሄድበት አገር በነሐሴም ይበርዳል፣ ኢንገር ሳል ይይዛታል። የፈረንሳዩ መርከብ እራት የሚያቀርበው ከምሽቱ በሦስት ሰዓት ነው። የግሪኳ ኤሌኒ ደግሞ ልጆች ታበዛለች፤ ልጅ ከልጅ ኩፍኝ ይጋባል። ፍልሰታንስ ምን በልተሽ ልትጾሚ ነው ብሎ ጠየቃት። ደሚቱ ዳቦና ብርቱካን የሌለበት መርከብ አለ ወይ ብላ ስትመልስለት ሌላ ካታሎግ ገለጠ። የንስ ኤሌኒን በጣም ይወዳት ስለነበር፣ ስሟ በክፉ ሲነሣ ከፍሰሐ ጋር ተኳረፈ።

ሰኔ ገባ፣ ዝናቡም አብሮ ገባ። ማዳም ሆልም መርከቡ የታለ ማለት ጀመሩ። አንድ ቀን ልጆቹ በመስኮቱ ጎርፉን ሲያዩ ደሚቱ ካታሎጉን ዘግታ ሁለት እጇን በላዩ አስቀመጠች።

"አቶ ፍሰሐ፣ መርከቦቹ የማይመጥኑት ልጆቹን ነው ወይስ እኔን?"

ፍሰሐ ካታሎጉን ሊስብ ሲል ቀደመችው።

"ባሕር ለሞግዚት ምኗ ነው ብለው ከሆነ ይንገሩኝ። እናትዎ ባለፈው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰላም ስላቸው እንዳልሰማ ሆነው አልፈውኛል። አልተቀየምኩም፤ የትልቅ ሰው አመል ነው። እርስዎም እንደዚያው ከሆኑ ግን ልወቀውና ልረፍ።"

ፍሰሐ የዚህን ያህል እንደጎዳት አላወቀም ነበር። የሚደብቀው ነገር እሷን ዝቅ አድርጎ ካሳያት ምን ይረባል? ስለ ወንድሙ ነገራት። ስለ አውሮፕላን ማረፊያው ነገራት። በየመርከቡ እንከን ሲፈልግ የከረመው እሷ እንዳትሄድበት መሆኑንም ሳይደብቅ ነገራት።

"እኔ ነኝ የማልመጥነው" አላት በመጨረሻ። "አንቺ ባሕር ልታዪ ነው የፈለግሽው፤ እኔ ደግሞ ባሕሩን ልደብቅብሽ ፈለግሁ።"

ደሚቱ እጇን ከካታሎጉ ላይ አነሣች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ፊቷ ላይ ግን ለሳምንታት የጠፋው ብርሃን ተመለሰ። ኢንገር ከመስኮቱ ዞራ ለምን እንደምታለቅስ ጠየቀቻት፤ ጉንፋን ነው አለቻት።

ፍሰሐ የኤሌኒን ካታሎግ ከሥር መዝዞ አወጣ። "ይህቺ ናት" አለ። "ከመጀመሪያውም ይህቺ ነበረች።" የየንስ ደስታ ለጉድ ነበር። ኤሌኒ ከአቴን ወደብ ተነሥታ ደሴቶቹን የምትዞር፣ የመረብ አጥርና የልጆች መዋኛ ያላት፣ ለልጆች እራት በጊዜ የምታቀርብ መርከብ ናት። ፍሰሐ ያንኑ ዕለት ቴሌክስ ላከ፤ በማግሥቱ መልሱ መጣ። መሃል ላይ፣ ከታች በኩል፣ በውስጥ በር የሚገናኙ ሁለት ክፍሎች ተገኙ። በአንዱ ባልና ሚስት፣ በሌላው ልጆቹና ደሚቱ ይተኛሉ። አምስተኛው አልጋ ከመስኮቱ አጠገብ እንዲሆን ፍሰሐ በተለይ ጠይቆ ነበር፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገረም።

አንድ ነገር ቀረ። ከአገር ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለፈቃዱ ደግሞ ትመለሳለች ብሎ የሚፈርም የመንግሥት ደመወዝተኛ ዋስ። የሄደው ሰው ባይመለስ ዋሱ ሥራውንም ነፃነቱንም ሊያጣ ይችላል ተብሎ ይፈራ ስለነበር፣ ወንድም ለወንድሙ እንኳ የሚያመነታበት ነገር ነው። የደሚቱ አባት ፍራሽ ሰፊ ናቸው፣ ደመወዝ የላቸውም። ፈረንጆቹ ዋስ መሆን አይችሉም። ፍሰሐ እኔ እሆንሻለሁ ሲላት ደነገጠች። አባቷ ሳያውቁ የሰው አንገት በሷ ስም ቢያዝ በቤታቸው ነውር ነው፤ ለሴት ልጅ ማንም ዝም ብሎ ዋስ አይሆንም፣ አባቷ ይጠየቃሉ አለችው። እሱም እውነቷን ነው አለ። ጎረምሳ ደግሞ ብቻውን የሴት ልጅ አባት ደጅ አይሄድም። ስለዚህ ትልልቅ ሰዎች መላክ አስፈለገ።

ይህ ሁሉ የተጀመረው በጨዋነት መሆኑን አስታውሱልኝ።

ፍሰሐ እናቱን ሲያማክር ወይዘሮ ወርቅዬ ብዙ አሰቡ። ጋብቻ ከሆነ አላውቅልህም፣ ዋስነት ከሆነ ግን ጽድቅ ነው አሉ። ልጃቸው ራሱን ለአደጋ ማጋለጡ ቢያሳስባቸውም፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር በሙሉ ልቡ ሲጠይቃቸው እምቢ ማለት አልሆነላቸውም። ሰዎቹን ራሳቸው መረጡለት። የዕድሩ ዳኛ አቶ ወልደገብርኤል፣ ተክለ ሃይማኖት ጨርቅ የሚነግዱት ጎረቤታቸው ሐጂ አብዱልጀባርና የፍሰሐ አጎት ናቸው።

ሦስቱ እሑድ ጠዋት አብነት ደረሱ። አቶ ዱጉማ በሩን ከፍተው ሲያዩ ሦስት ሽበታም ሰዎች ነጭ ለብሰው ቆመዋል። ግቡ፣ ተቀመጡ ቢሏቸው አቶ ወልደገብርኤል ነገራችንን ሳንናገር አንቀመጥም አሉ። አቶ ወልደገብርኤል ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ሴት ልጅ ለጋብቻ ሲለምኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እግራቸው በሴት ልጅ አባት ደጅ ሲቆም አፋቸው የለመደውን መንገድ ያውቃል። የጨዋ ደጅ መጥናት ክብር እንደሆነ ተናገሩ። የፍሰሐን አባት አጥንት ቆጠሩ፣ የእናቱን ደግነት አነሡ፣ ልጁ ቀጥ ያለ ሠራተኛ መሆኑን መሰከሩ። ልጃችን ስለ ልጅዎ ስለ ደሚቱ አንድ ነገር ለምኑልኝ ብሎ ልኮናል አሉና ወደ ዋስነቱ ጉዳይ ከመግባታቸው በፊት ትንፋሽ ለመውሰድ ቆም አሉ።

አቶ ዱጉማ ያን ትንፋሽ አልጠበቁም። የእጃቸውን ጥጥ እያራገፉ ዓይናቸው እንባ ሞላ። "ወግ ቢሆን አመላልሳችሁ ነበር" አሉ። "ዘመድ ላማክር እል ነበር። ግን እናንተን የመሰላችሁ ሰዎች ለአንድ ፍራሽ ሰፊ ደጅ ቆማችሁ እያየሁ በዝናብ ላመላልሳችሁ አንጀቴ አይችልም። ልጄን ሰጥቻለሁ።"

ከጓዳ የእናቲቱ የወይዘሮ ድንቅነሽ እልልታ ተሰማ። ጎረቤትም ተቀበለው።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ሐጂ አብዱልጀባር "ኧረ ነገሩስ..." ብለው ሲጀምሩ የፍሰሐ አጎት እግራቸውን ረገጡ። ምን ይባላል? የተሰጠችን ልጅ፣ አይ፣ እኛ የመጣነው ለሌላ ነው፣ ልጅዎን አንፈልግም ብሎ የሚመልስ ሽማግሌ ከአዳም ጀምሮ አልተወለደም። ያ ቢሆን ደሚቱ አብነት ውስጥ ዳግመኛ ቀና ብላ አትሄድም። ስለዚህ ተቀመጡ፣ ተመረቁ፣ መረቁ። ለሁለቱ አረቄ፣ ለሐጂ ሻይ ተቀዳላቸው። የዋስነቱን ነገር አጎትየው በመጨረሻ እንደ ቀልድ ጣል ቢያደርጉት፣ አቶ ዱጉማ ከእንግዲህ ባሏ አይደል፣ ምን ጥያቄ ያስፈልገዋል ብለው ሳቁ።

ወይዘሮ ወርቅዬ ወሬው ሲደርሳቸው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። "ለዋስ የላክኋቸው ሰዎች ሙሽራ ይዘው መጡ" አሉ። ሊቆጡ ይሆናል ብሎ ሁሉም ፈራ። እሳቸው ግን የልጅቱ እናት አለቀሰች ወይ ብለው ጠየቁ። አዎን፣ ከደስታ ብዛት አለቀሰች ተባሉ። እኔም ሴት ልጅ ብትኖረኝ አለቅስ ነበር አሉና ሌላ ነገር ሳይጨምሩ ወደ ጓዳ ገቡ።

ፍሰሐ ደግሞ ምን ተሰማው ትሉ ይሆናል። መጀመሪያ አፈረ። ቀጥሎ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለው። ሰው የተመኘውን በስህተት ሲሰጡት ስህተት ነው ብሎ መመለስ ይከብደዋል።

ሰኞ ደሚቱ ብቻዋን መጣች። ልጆቹን አልያዘችም። ነጠላዋ በዝናብ ረጥቧል። በሩን ዘግታ ሳትቀመጥ ጀመረች፤ እርስዎ ማለቱንም የዚያን ቀን ተወችው።

"ለዋስ ነው ብለኸኝ ነበር።"

"ለዋስ ነበር" አለ ፍሰሐ።

"አባቴ ከትናንት ጀምሮ ያገኘውን ሰው ሁሉ እያቆመ ይነግራል። እናቴ ታለቅሳለች። ሁሉም ደስ ብሎታል፤ እኔን ግን የጠየቀኝ ሰው የለም። መርከቡን አሳየኸኝ፣ በሩን ከፈትህልኝ፣ ከዚያ ከኋላዬ ገመድ አሰርህ። ባሕሩን ቆሜ ሳይ የማስበው ምን ይመስልሃል? እንድመለስ ታስሬ መምጣቴን ነው።" የረጠበ ነጠላዋን ከፊቷ ገፋ አደረገች። "ብትጠይቀኝ ኖሮ እኮ..." ብላ አቆመች።

ፍሰሐ የሽማግሌዎቹ ስህተት ነው ሊል አፉን ከፈተ። ግን ያ ስህተት ትናንት ሌሊቱን ሙሉ እንዳስደሰተው ያውቃል፤ ስለዚህ እውነት ቢናገርም እንደ ዋሸ ነው የሚሰማው።

"አባትሽ ዘንድ እሄዳለሁ" አላት። "ዛሬውኑ።"

ደሚቱ በረጅሙ አየችው። የምታየው ሰው ፈሪ ይሁን ደፋር መለየት እንዳቃታት ፊቷ ይናገር ነበር። ከዚያ በሩን ከፍታ ወደ ዝናቡ ወጣች፤ የእሱም ልብ አብሯት ወጣ።

ከሥራ ሲወጣ በእግሩ ወደ አብነት ሄደ። ውይይት ታክሲ ብዙ አለፈው፤ አንዱንም አላስቆመም። ለአንድ አባት ልጅዎን መልሰው ይውሰዱ ብሎ ለመናገር ምን ዓይነት ቃል እንደሚበቃ እያሰበ፣ ሳያገኝ ደረሰ።

አቶ ዱጉማ በረንዳቸው ላይ በተዘረጋ ፍራሽ ውስጥ ጥጥ እየጠቀጠቁ ነበር። ፍሰሐ መሆኑን ሲነግራቸው፣ አማቻቸውን ሊያቅፉት መርፌያቸውን ጥለው ተነሡ። ፍሰሐ አልታቀፈም። እንደ ሽማግሌዎቹ ቆሞ፣ ሳይቀመጥ፣ ሁሉንም ነገራቸው። የላካቸው ለዋስነት ብቻ እንደነበረ፣ አቶ ወልደገብርኤል እንደለመዱት መናገራቸውን፣ ማንም ለመመለስ አፉ እንዳልደፈረ አንድም ሳይደብቅ ተናገረ። አቶ ዱጉማ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ለሠፈሩ የነገሩት ደስታ ሁሉ ፊታቸው ላይ ሲጠፋ ፍሰሐ አየና መሬት ብትውጠኝ አለ።

"ልጄን አትፈልጋትም ማለት ነው?" አሉ።

"እንደ እኔ የፈለጋት ሰው የለም፣ አባቴ። ግን ዛሬ እሺ ብትለኝ ለመርከቡ ብላ ይሁን ለእኔ ብላ አላውቀውም። እሷም እንዴት ታውቀዋለች? ዋሷ ልሁን፤ ለዚያ ምንም አልጠይቃትም። ማግባቱን ግን መልሻለሁ። በነፃ ትሂድ።"

"ሄዳ ብትቀር የምትከፍለው አንተ ነህ።"

"አውቃለሁ።"

"እና ትፈርማለህ?"

"እፈርማለሁ።"

አቶ ዱጉማ የጥጡን ፍርፋሪ ከጉልበታቸው ላይ አንድ በአንድ አነሡ። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞረው ደሚቱን ጠሩ። ከሥራ ገብታ ልብሷን ቀይራ ኖሮ ቶሎ ወጣች። ፍሰሐን ስታይ በሩ ጋ ቆመች።

"ይህ ሰው የሰጠሁትን ልጅ ሊመልስልኝ መጥቷል" አሏት አባቷ። "እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ልቆጣ ብል አፌ እምቢ አለኝ። ምን እንዳለኝ ራሱ ይንገርሽ፤ መልሱም ያንቺ ነው።"

ፍሰሐም እንደገና ተናገረ።  ባሕሩን ስታዪ ስለ እኔ ማሰብ የለብሽም አላት። አቴን ወርደሽ ሌላ መንገድ ብታዪ፣ መንገዱ ካማረሽ ሂጂበት፤ እኔን ለሚመጣብኝ ነገር ተዪኝ፣ አልረግምሽም አላት። ይህን ሲል ከልቡ እንደሆነ ራሱም ገረመው። ለወር ያህል ከመርከብ ጋር ሲጣላ የከረመ ሰው በአንድ ቀን እንዲህ ቀለለው።

ደሚቱ ወደ እሱ ቀረብ አለች። አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። ሌላ ሰው በዚህ ዓለም ላይ እንዲህ በሩን እስከ መጨረሻው ከፍቶላት አያውቅም፤ ያ ነገር ደረቷ ውስጥ ሲሞላ ይታይ ነበር።

"ሽማግሌዎቹን አሁን አልቀበልም" አለችው።

ፍሰሐ አንገቱን ደፋ። ይገባኛል አለ በልቡ።

"ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ላካቸው" አለችው ደሚቱ። "መጀመሪያ እኔን ጠይቀህ ላካቸው። ስመለስ።"

አቶ ዱጉማ ፊታቸውን ወደ ፍራሹ መለሱ። መርፌያቸውን አንሥተው፣ ክር ሳያስገቡበት፣ መስፋት ጀመሩ።

ስመለስ። በዚያ ዘመን የሚሄድ ሰው ደርሼ እጽፋለሁ ይላል፤ እግዜር ያገናኘን ይላል፤ አይዟችሁ ይላል። ስመለስ የሚል ሰው ፍሰሐ ሰምቶ አያውቅም። ወንድሙ እንኳ አላለውም ነበር። ቃሉን ከአፏ እንደሰማው ዝናቡ ትከሻውን እየመታው በረንዳው ጫፍ ላይ ቆሞ ቀረ። መርከቦቹን ሁሉ ጠልቷቸው የከረመ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ኤሌኒ የምትነሣበት ቀን ቶሎ እንዲደርስ ተመኘ፤ ደሚቱ ካልሄደች አትመለስምና።